ኤፍዲጂ ፔት፦ የሚበራው ማክሮፌጅ ነው ወይስ የልብ ጡንቻው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሃርት አታክ ከደረሰ በኋላ ማክሮፌጆች (የሞቱ ሴሎችን የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) ልብ ውስጥ የት እንደሚሰበሰቡ በኤፍዲጂ ፔት፣ ማለትም ጨረር በሚያወጣ ስኳር መሰል ንጥረ ነገር በሚነሣ ምስል፣ ማየት እንፈልጋለን። ተሳታፊዎቹ ምስሉን የሚነሡት 6 ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው ነው። ያም ሆኖ በአንዳንዶቹ የግራ ታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ በሙሉ ይበራል። ብግነቱን ከጡንቻው በምን እንለየው?

መልስ 1
6 ሰዓት አይበቃም። ኤፍዲጂ የሚከተለው ስኳርን እንጂ ማክሮፌጅን አይደለም፤ የልብ ጡንቻም ኢንሱሊን ካገኘ ስኳር ይስባል። ጡንቻው ቅባት ወደ ማቃጠል እንዲዞር በዋዜማው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቅባት የበዛበት፣ ካርቦሃይድሬቱ በአንድ ገበታ ከ3 ግራም ያነሰ ምግብ ይብሉ፤ ከዚያ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ በባዶ ሆድ ይቆዩ። ዝግጅቱን የሚያበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፦ ማስቲካ፣ የሳል ሽሮፕ፣ በግሉኮስ ተበርዞ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት። የበሉትን ሁሉ ጽፈው ያምጡ። ደግሞ የጎን ግድግዳው ብቻ ቢበራ ብግነት ነው ለማለት አትቸኩሉ፤ በጤነኛ ልብም ይታያል።

መልስ 2
ዝግጅቱ ልክ ነው፤ ሃርት አታክ ላይ ግን ብቻውን አያድንም። ደም ያጠረው ግን ያልሞተ ጡንቻ በባዶ ሆድም ስኳር ይስባል፤ የሚገኘውም ማክሮፌጆች በሚበዙበት በጉዳቱ ዳርቻ ነው። እኔ ብሆን ሌላ የፔት መከታተያ፣ ጋሊየም 68 ዶታቴትን፣ እመርጣለሁ። የሚይዘው ማክሮፌጅ ላይ ያለውን የሶማቶስታቲን (የሆርሞን) ተቀባይ 2 ነው፤ ጤነኛ የልብ ጡንቻ እምብዛም አይወስደውም፣ የምግብ ዝግጅቱም ይቀራል። የጋሊየም 68 ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 68 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ (የኤፍዲጂው ፍሎሪን 18 ወደ 110 ይደርሳል) መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ታካሚው ካልደረሰ ይባክናል። ሲኤክስሲአር4 የተባለውን ተቀባይ የሚይዘውን ፔንቲክሳፎር የተባለ መከታተያ ከተጠቀማችሁ ግን ውጤቱን «ማክሮፌጅ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ተቀባዩ ሊምፎሳይትና ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ላይም አለ።

መልስ 3
ኤምአርአይ ካላችሁ ፌሩሞክሲቶል የተባለ በደም ሥር የሚሰጥ የብረት መድኃኒትም አለ። ማክሮፌጆች የብረት ቅንጣቶቹን ይውጣሉ፤ ቲ2 ስታር የሚባለው የኤምአርአይ ልኬት ያጥራል። ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ አንሡ። የመጀመሪያውን መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው፦ የተጎዳው ጡንቻ ውስጥ ደም ከፈሰሰ እሱም ብረት ስላለው ምስሉ ልክ እንደ ማክሮፌጅ ይወጣል። በጋዶሊኒየም (በተለመደው የኤምአርአይ ማቅለሚያ) የሚነሣ ምስል ካለ አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ብረቱ እስከ 3 ወር ድረስ ኤምአርአይን ሊያዛባ ይችላል። ከባድ አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል ተበርዞ ቢያንስ በ15 ደቂቃ፣ በቅርብ ክትትል ይሰጥ።

የቀኑም ነገር አለ። በአይጦች ልብ ጉዳቱ በደረሰ በ3ኛው ቀን አካባቢ የሚበዙት ብግነት አቀጣጣይ ሞኖሳይቶች (ወደ ማክሮፌጅ የሚለወጡ ነጭ የደም ሴሎች) ናቸው፤ በ7ኛው ጠጋኞቹ ይተኳቸዋል። አንዱ ተሳታፊ በ3ኛው፣ ሌላው በ8ኛው ቀን ከተነሣ ልዩነቱ የሰዎቹ ይሁን የቀኑ መለየት አይቻልም።