ጨዋማ መሬት፦ ጨው የሚችል ዘር ይቅደም ወይስ ቦይ?

ጥያቄው፦ በመስኖ ብዛት ጨው የወጣበት መሬት አለ። የሕዝብ ገንዘብ መጀመሪያ ለምን ይዋል? ጨው ለሚችል ዘር ወይስ ትርፍ ውሃን ከነጨዉ ከማሳው ለሚያወጣ ማጠንፈፊያ ቦይ?

ለዘሩ ተከራካሪ፦
ዘሩ ይቅደም። ቦይ ተቆፍሮ እስኪያልቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ ገበሬው ግን ዘንድሮም መብላት አለበት። የአፈር ጨው በዴሲሲመንስ በሜትር (ቁጥሩ ሲጨምር ጨዉ በዛ ማለት ነው) ሲለካ ቦሎቄ ገና 1 ሲያልፍ ምርቱ መውረድ ይጀምራል። ገብስ ግን ምርቱ ሳይወርድ እስከ 8 ድረስ ይችላል። በ2012 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከጥንት የስንዴ ዘመድ የተገኘ ጂን በማዳቀል ዱረም ስንዴ (ለፓስታ የሚሆነው ስንዴ) ውስጥ አስገቡ። ጨዋማ ማሳ ላይ ምርቱ እስከ 25 በመቶ ጨመረ። ይሄ እኮ ለገበሬ ትልቅ ነገር ነው።

ለቦዩ ተከራካሪ፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ጨዉ ከየት እንደሚመጣ አላነሳህም። ጥሩ የሚባል የመስኖ ውሃ እንኳ በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ቢኖረው፣ አንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ሲጠጣ 5 ቶን ጨው ይገባበታል። ተክሉ ውሃውን ወስዶ ጨዉን እዚያው ይተወዋል። መውጫ ከሌለው የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይላል፣ ፀሐይ ወደ ላይ ትስበዋለች፣ ጨዉም አብሮ ይወጣል። ዛሬ 6 የነበረው ነገ 12 ይሆናል። ያኔ የገብሱም ምርት ይወርዳል። ዘሩ ጊዜ ይገዛልናል፣ መሬቱን ግን አያድንም።

ገበሬ ነኝ፦
እኔ ገብሱን ዘርቼዋለሁ። የትልሙ አናት ላይ እንደ አመድ ነጭ ነገር ይጋገራል። ትልቁ ገብስ ቻለው፣ ቡቃያው ግን አልቻለም። መሃል መሃሉ ራሰ በራ ሆነ። በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ገብስ ሲበቅል ከጎለመሰው ይልቅ ለጨው ስስ ነው። በሚቀጥለው ዘመን ከመዝራቴ በፊት በደንብ አጠጥቼ ጨዉን ወደ ታች አወረድኩት፣ ዘሩንም ከትልሙ አናት ሳይሆን ከጎኑ ላይ ዘራሁ። ቡቃያው ያኔ ደህና ወጣ። ግን የወረደው ጨው የት ሄደ? ከሥሩ ነው ያለው። ቦይ የለኝማ።

ለዘሩ ተከራካሪ፦
ይሄ አሳማኝ ነው፣ ሐሳቤን አሻሽላለሁ። ቦይ የማይደርስበት መሬት ላይ ግን እንደ አትሪፕሌክስ ያለ ጨው ወዳድ ቁጥቋጦ ለመኖ ይተከል። ቅጠሉን ስትቀምሱት ራሱ ጨው ጨው ይላል፤ ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ፣ ንጹህ ውሃ በደንብ እየተሰጠ ለከብት ይሆናል።

ለቦዩ ተከራካሪ፦
እዚያ ላይ አብሬህ ነኝ። ግን ዘር የሚታደለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ከታየ በኋላ ይሁን። ውሃው 2 ሜትር ሳይሞላ ከተገኘ ቦዩ ይቅደም፣ ራቅ ካለ ዘሩ ይቅደም። ገበሬ ወንድማችን፣ እስቲ አንተ ጋ ቆፍረህ ስንት ላይ እንዳገኘኸው ጻፍልን።

ገበሬ ነኝ፦
ዛሬ ጠዋት ቆፈርኩ። ደረቴ ጋ ሳይደርስ እግሬ ራሰ።