በምርጫ ከመወዳደሬ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

በጅማ ከተማ በአንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አገልጋይ ስሆን፣ ለምክር ቤት እንድወዳደር ስለ ተጠየቅሁ ምክራችሁን በትሕትና እለምናለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ ይህ ግን አማኝ ዜጋ ዝም ይበል ማለት እንዳልሆነ አምናለሁ። ኤርምያስ 29፥7 የከተማይቱን ሰላም እንድንፈልግ ያዝዛል፤ የእኔ ከተማ ደግሞ በኀዘንም በደስታም ከማንለያቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ያደግንባት ናት፤ ስለዚህ የምሻው ሰላም የእነርሱም ጭምር ነው። በደርግ ዘመን የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወንጌል ሰውን በሁለንተናው እንደሚመለከት ማስተማራቸው ያበረታኛል። የጨነቀኝ ግን፣ አገልግሎቴን ሳልተው ብወዳደር ምእመናን የእኔን አቋም የቤተ ክርስቲያን አቋም አድርገው ይወስዱታል፤ ብተው ደግሞ ወጣቶቹን የሚይዝ ሰው የለም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ሁለቱን ኃላፊነቶች እንዴት ለያችኋቸው?