ናቶን በጾም በምን ልብላው?

ጃፓን፣ ኦሳካ ነው የምማረው። ጾም ገብቷል፣ ሰፈሬ ባሉ ሱቆች ደግሞ ምስር የለም። የክፍል ጓደኛዬ «ናቶ ብላ፣ የቦካ አኩሪ አተር ነው» አለችኝ። በየሱፐርማርኬቱ ሦስት ሦስት ሆኖ ይሸጣል፤ አንዷ እሽግ ከ40 እስከ 50 ግራም ናት። ርካሽ ነው፣ ፕሮቲንም አለው።

አብሮት የሚመጣው ሶስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ጭማቂ አለበት። እኔ በጾም ዓሣ አልበላም (ክርክሩን ለሌላ ቀን እናቆየው)። ያለ ሶሱ ደግሞ ሽታው ያይላል። ዝልግልግነቱስ እንደ ተልባ ነው፣ ለምጄዋለሁ። በሽንኩርትና በበርበሬ ላቁላላው ብዬ መጥበሻ ላይ ሳደርገው ሽታው ጭራሽ ባሰበት፤ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ መስኮቱን ሁሉ ከፈተ። በውሃ ሳጥበው ዝልግልጉ ቀነሰ፣ ጣዕሙም አብሮ ሄደ። አብሮት ያለው ሰናፍጭ ትንሽ ይረዳል፣ ግን አይበቃም። የአኩሪ አተር ሶስ ብቻውን ሲሆን ጨው ጨው ይላል።

ቤት ውስጥ ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና የሰሊጥ ዘይት አለኝ። የምበላው በትኩስ ሩዝ ነው። ናቶን በጾም የለመዳችሁ፣ እሳት ሳላስነካው ሽታውን የሚያለዝብልኝ ምን ልጨምርበት?