ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት የሆላንድ ንድፍ ከማን እጅ እንደመጣ እንዴት ልወቅ?

ጥያቄ (ከዴን ሃግ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የወረቀት ንድፍ በ90 ዩሮ ገዛሁ። በቡናማ ቀለም የተሣለ የቦይ ዳር መንደር ነው፤ ጀልባና ሁለት ሰዎች አሉበት። በቀኝ ግርጌው ሁለት ፊደላት ያሉት ትንሽ ማኅተም፣ ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለ። ሌላ ጽሑፍ ደግሞ በተለጠፈበት ካርቶን ሥር ተደብቋል። ሻጩ «የ17ኛው መቶ ዘመን ነው» ቢለኝም ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው ዝም አለ። ካርቶኑን በሙቅ ውሃ ልላጠው አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ወረቀት ጠጋኝ)
እህቴ፣ እባክሽ ውሃ አታስነኪው! ቡናማው ቀለም ከጥላሸት የተሠራ ከሆነ ይፈሳል። ከብረትና ከባሉጥ ዛፍ እባጭ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ውሃው ብረቱን ወደ ንጹሑ ወረቀት ይዞት ይሄድና ቀስ በቀስ ይበላዋል። አሮጌው ካርቶንም ራሱ ምስክር ነው። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሺ፤ መላጡን ለባለሙያ ተዪው።

መልስ (ከአምስተርዳም)
ማኅተሙን በሚሊሜትር ይለኩት፤ ቅርጹንና ቀለሙንም ይመዝግቡ። ሆላንዳዊው የንድፍ ሰብሳቢ ፍሪትስ ሉግት እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው የሰብሳቢዎች ማኅተም መዝገብ ዛሬ በፓሪሱ ኩስቶዲያ ተቋም አማካይነት በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ነገር ግን ማኅተም የባለቤት እንጂ የሠዓሊ ምልክት አይደለም። በ1680 በለንደን የሞተው ሠዓሊ ፒተር ሌሊ በሰበሰባቸው ንድፎች ላይ ስሙን የሚወክሉት ፊደላት የታተሙት ከሞተ በኋላ ነው፤ ያተመውም ኑዛዜውን ያስፈጸመው ሮጀር ኖርዝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በእርግጥ በእጅ የተሣለ መሆኑን ያጣሩ። የአምስተርዳሙ ሰብሳቢ ኮርኔሊስ ፕሎስ ቫን አምስተል (1726–1798) የቀደሙ ሠዓሊዎችን ንድፎች እያስመሰለ በመዳብ ሰሌዳ ያትም ነበር፤ ሥራው እጅግ የተዋጣለት ስለሆነ ዓይን ያታልላል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ብዕር የሄደበት መስመር ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይገኛል።

መልስ (ከሮተርዳም)
ወረቀቱን በብርሃን ፊት ያዢው። ወረቀቱ የተሠራበት ወንፊት ሽቦ የተወው ትይዩ መስመር ካልታየ የ17ኛው መቶ ዘመን ወረቀት አይደለም፤ ያለ መስመር ወረቀት መሠራት የጀመረው በ1750ዎቹ ነው። መስመሩ ቢታይም ብቻውን አያሳምንም፤ አስመሳዮች ባዶ አሮጌ ወረቀት ይፈልጋሉና።

እኔን የሚያሳስበኝ የሻጩ ዝምታ ነው። ናዚዎች በገዙበት ዘመን፣ ከ1933 እስከ 1945፣ በማን እጅ ነበር? በሆላንድ ይኖር የነበረው የባንክ ባለሙያ ፍራንትስ ኬኒግስ የሰበሰባቸው ንድፎች ከፊሉ በጦርነቱ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስዷል። ከእነዚህም ዩክሬን በ2004 ለሆላንድ የመለሰችው 139 ንድፎችን ነበር። በአገራችን የብራና መጻሕፍት የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም ሲጻፍበት አይተናል፤ እዚህም የተፋቀ ማኅተም ብታገኚ አትለፊው። የእርሳሱ ቁጥር የጨረታ ቁጥር ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹ የጨረታ ዝርዝሮች እዚያው ከተማሽ፣ ኤርካዴ (RKD) በሚባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሉ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከውሃው አዳናችሁኝ። መስመሮቹ ይታያሉ፤ ማኅተሙ 6 ሚሊሜትር ነው፤ ከጎኑም የተፋቀ የሚመስል ቦታ አለ፣ ከዚህ በፊት አላስተዋልኩትም ነበር። ማክሰኞ ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እሄዳለሁ። እስከዚያ አልሸጠውም፣ በፍሬምም አላስገባውም።