ጂፒኤሱን ሌባው ቢነቅለውስ?

ባለፒክአፗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለችበትን ቦታ በስልኬ የሚያሳየኝ ጂፒኤስ ፒክአፔ ላይ ካስገጠምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በቀን አሥር ጊዜ ስልኬን ከፍቼ አያታለሁ፣ እንደ ልጅ። ትናንት ግን ወንድሜ ከመሪው ሥር እጁን ሰደደና መሣሪያውን በአንዴ መንጭቆ አወጣው። «ሌባ ይሄን ያጣዋል?» አለኝ። መልሶ ሰካው፤ እንቅልፌ ግን አልተመለሰም። የት ልደብቀው? ሞተር በስልክ የሚያጠፋውንስ ላስገጥም?

የሌሊት ሾፌር፦
እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ነው። የጭነት መኪናዬ የተሰረቀች ሌሊት የውሻ ጩኸት ቀሰቀሰኝና ስልኬን ከፈትኩ። መኪናዋ ያለችበትን የምታሳየው ነጥብ ደጄ ላይ ቁጭ ብላለች። ተመልሼ ተኛሁ! ጠዋት ስወጣ የቀረኝ አስፋልቱ ላይ የተንጠባጠበው ዘይት ብቻ ነው። ለካ ያየሁት ሽቦው ከመቆረጡ በፊት የተላከውን የመጨረሻ ቦታ ኖሯል። ከነጥቧ ሥር በደቃቅ ፊደል 8፡12 ይላል፤ እኔ ያየሁት 9፡40 ላይ። አደራሽን፣ ነጥቧን ትተሽ ሰዓቱን እዪ።

መኪናዬን ያስገኘልኝ ሁለተኛው ጂፒኤስ ነው። የራሱ ባትሪ ያለው፣ በቀን ሁለቴ ብቻ ነቅቶ ያለበትን ልኮ መልሶ የሚተኛ። ጋቢናው ውስጥ ሸጉጬው ነበር። ሌቦቹ አንዱን አገኙና ፍለጋቸውን ተዉ። እኩለ ቀን ላይ መልእክቱ ሲደርሰኝ ብቻዬን ልሮጥ ቃጥቶኝ ነበር፤ ሚስቴ ቁልፉን ቀማችኝ። ሊብሬዬን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ አብረን ሄድን። ጎማዎቹ ተፈተው ነበር፣ ሌላው ደህና ነው።

ቮልቴጅ፦
ሥራዬ መግጠም ነው። መሣሪያው ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይት አይልክም። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቦታውን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ የአራቱ ምልክት ሊደርሰው ይገባል። ላንቺ የሚነግርሽ በውስጡ ባለው ሲም ካርድ ነው፣ ሂሳቡ ካለቀ ዲዳ ነው። ስለዚህ ከላዩ ብረት አይሁን፤ ፕላስቲክና ጨርቅ አያግደውም። ዳሽቦርዱን አስፈትተሽ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ሽቦውም ከመኪናዋ ሽቦዎች ጋር በተመሳሳይ ጥቁር ቴፕ ይጠቅለል። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ለውጪው፣ ብዙዎቹ ከፋብሪካ 123456 ሆነው ነው የሚመጡት።

ሞተር ማጥፊያውን አስገጥሚ፣ ግን መኪናዋ እየሄደች አታጥፊ። መሪና ፍሬን ይከብዳሉ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይጎዳል። እኔ የምገጥመው ቆማ ከጠፋች በኋላ እንዳትነሳ ብቻ ነው።

ጨለምተኛው፦
ጃመር፣ ማለትም ምልክቱን የሚያፍን መሣሪያ፣ ካላቸው ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቮልቴጅ፦
ጃመሩ እስካልጠፋ ድረስ አዎ። ለዚህ ነው ተኝቶ ቆይቶ የሚነቃው የሚጠቅመው፤ እስከዚያ ድረስ ጃመሩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ባለፒክአፗ፦
አሁን ሰዓቱን አየሁት። የመጨረሻው ትናንት 4፡05 ነው፣ ወንድሜ የነቀለው ጊዜ። መልሶ ሲሰካው አልገባም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ዛሬም አሥር ጊዜ አይቻታለሁ።