የፔጆ 404 የፊት ፍሬን ወደ ዲስክ ከተቀየረ በኋላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት

የከዚራው 404 (ጠያቂ፣ ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጊዜ ስለሌለኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። በፔጆ 404 መኪናዬ ላይ የ504ን ባለ 1971 ሲሲ ሞተርና ሁለት ካርቡራተር ካስገጠምኩ በኋላ የድሮው የፊት ታምቡር ፍሬን (ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋበት ዝግ ፍሬን) አልመጥን ስላለ፣ ከተበተነ መኪና ላይ ዲስክና ካሊፐር (ዲስኩን በሸራ ጨምቆ የሚይዘውን ክፍል) ገዝቼ ፊቱን በሙሉ አስቀይሬአለሁ። የካሊፐሩ መያዣ ብረት በቶርኖ ቤት የተሠራ ነው። ሸራው፣ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) እና የፍሬን ዘይቱ አዲስ ናቸው። ሆኖም ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ወለል ድረስም ይወርዳል። ደጋግሜ ስረግጠው ከፍ ይላል፤ እግሬን አንሥቼ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ግን እንደገና ይወርዳል። አራቱንም ጎማ ስፑርጎ አድርገናል (ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር አስወጥተናል)፤ የሚወጣው ዘይት አንድም አረፋ የለውም፤ የሚያፈስ ቦታም አላየንም። ቅዳሜ የእህቴ ሠርግ ነው፤ ሙሽሮቹን ይዤ ሐረር ወጥቼ ማታ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ መውረድ አለብኝ። ምን ቀረን?

የሳቢያን ልጅ

ወንድሜ፣ ከአየር በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ስፑርጎውን ከፓምፑ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ዕቃ) ከሚርቀው ጎማ ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ድገሙት፤ መጀመሪያ የኋላ ቀኝ፣ ከዚያ የኋላ ግራ፣ ከዚያ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻም የፊት ግራ። ፔዳሉን የሚረግጠው ሰው ቀስ ብሎ ይርገጥ፤ በፍጥነት ሲረገጥ አየሩ በዘይቱ ውስጥ ይበታተንና ለመውጣት ያስቸግራል። የዘይት ማጠራቀሚያው በመሐል ባዶ እንዳይሆን አንድ ሰው ዓይኑን ከላዩ አይንቀል።

ሸዋ በር (ሐረር)

እኔ ከመነሻው ልጠይቅህ፤ ታምቡሩን ማን አውጣ አለህ? ሐረር ውስጥ 404 ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሲሠራ በሰው ላይ ሰው ጭኖ ከሐረር ድሬዳዋ ይመላለስ ነበር፤ ያን ሁሉ የተሸከመው ታምቡር ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ሲያሸንፍ ፋብሪካው የፊት ዲስክን በዚህ ሞዴል ላይ ገና አላስገባም ነበር። ሸራው በታምቡሩ ልክ ተሞርዶ፣ ታምቡሩ በቶርኖ ክብ ተደርጎ፣ ማስተካከያው በየጊዜው ከተጠበቀ፣ ከዚያም ደንገጎ ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ከተወረደ ችግር የለም። ማርሽ ነፃ አድርጎ ቤንዚን እየቆጠበ የሚወርድ ሰው ግን ዲስክም ቢገጥም አይድንም። የእኔ ምክር የድሮውን መልሰህ እንድትገጥም ነው።

መምህርት

ሸዋ በር ስለ ማርሹ የጻፉት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ በታምቡሩ ላይ ግን አልስማማም፤ ምክንያቴንም በቁጥር ላስቀምጠው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ደንገጎ ላይ መንገዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከነተሳፋሪዎቹ 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 11 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው፤ ይህ ከ30 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከክፍል ሙቀት አንሥቶ እስኪፈላ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የቀረው በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ስለዚህ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ይረዝማል። ሙቀቱም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ አይወጣም። ዲስክ ግን ለነፋስ የተጋለጠ ነው፤ ሲግልም ውፍረቱ ወደ ሸራው እንጂ ከሸራው ወዲያ አይሸሽም። የ404 የመጀመሪያው ሞተር 1618 ሲሲ ነበር፤ ጠያቂው ሁለት ሊትር የሚጠጋ ሞተር ከነሁለት ካርቡራተሩ ጭኖ ፊቱን ዲስክ ማድረጉ የሚነቀፍ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 404ን የፊት ዲስክ አልብሶታል።

የከዚራው 404 (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። ወደ ታምቡር መመለስ የማይቻል ሆኗል፤ የድሮው ዕቃ ተሽጧል። ስፑርጎውን በተባለው ቅደም ተከተል ደግመነዋል፤ ለውጥ የለም።

አወዳይ

እኔም አየር ነው እላለሁ። እንደገና ስፑርጎ አድርጉት፤ ሌሊቱን ፔዳሉን በእንጨት ወጥራችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ዘይቱንም ዶት 5 አድርጉት፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል ሲባል ሰምቻለሁ።

መምህርት

እባካችሁ ዶት 5 እንዳይጨመር። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 3ም ከዶት 4ም ጋር አይዋሐድም፤ ጥቃቅን አየርም በውስጡ ስለሚይዝ ፔዳሉን ይበልጥ ያለሰልሰዋል። ለዚህ መኪና ዶት 4 ይበቃል፤ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ከተከፈተ ጣሳ በትንሽ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠውን አትግዙ፤ ያልተከፈተ ዕቃ ገዝታችሁ ራሳችሁ ክፈቱት።

የቶርኖ ሰው (ድሬዳዋ፣ ከባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጣሁ)

ልጄ፣ ሁሉም «አየር ነው» ይልሃል፤ አየሩ የት እንዳለ የሚነግርህ ግን የለም። ዕቃ ከመፍታትህ በፊት መኪናው ራሱ እንዲናገር አድርገው። አንደኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ረግጠህ በአንድ ኃይል ያዘው። ቀስ እያለ ከሰመጠና የትም የሚያፈስ ከሌለ የፓምፑ ጎሚኒ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። ካልሰመጠ፣ ነገር ግን በመርገጥ ብዛት ከፍ የሚል ከሆነ፣ ወይ አየር አለ ወይ አንድ ቦታ ሸራው ከልኩ በላይ ርቆ ቆሟል። ሁለተኛ፣ የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አፉ ክብ በሆነ መቆንጠጫ ያዝ፤ ስለት ባለው ፒንሳ እንዳታደርገው፣ ቱቦውን ከውስጥ ይቆርጠዋል። የኋላውን ስትይዝ ፔዳሉ ካልተለወጠና ሁለቱን የፊት ስትይዝ ደንዳና ከሆነ፣ ፓምፑ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ከቱቦው ወዲያ፣ ካሊፐሩ ዘንድ ነው። የኋላ ታምቡር ማስተካከያው ከላላም ፔዳል ይረዝማልና እግረ መንገድህን እርሱንም አጥብቀው።

አሁን ስለ ፓምፑ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ዲስክ ገጥሞ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የካሊፐር ፒስተን ከታምቡር ሲሊንደር እጅግ ስለሚሰፋ ብዙ ዘይት ይፈልጋል። የፓምፑ ስፋት 19 ሚሊሜትር ቢሆንና በ22 ብትተካው በአንድ ርግጫ የሚገፋው ዘይት በ34 በመቶ ይጨምራል፤ እግርህ ግን በዚያው ልክ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ሰርቮ (የእግርን ኃይል የሚያግዝ ዕቃ) ያስፈልጋል። ታምቡር የሚሽከረከርበት አቅጣጫ ሸራውን እየሳበ ራሱን ያጠብቃል፤ ዲስክ ይህን አያደርግም፤ ኃይሉ ሁሉ ከእግርህና ከሰርቮው ነው። ከዚህም ሌላ ለታምቡር የተሠሩ ብዙ ፓምፖች መውጫቸው ላይ ጥቂት ግፊት ይዛ የምታስቀር ትንሽ ቫልቮላ አለቻቸው፤ እርሷ ለፊት ዲስክ ከቀረች ሸራው ዲስኩን እንደነካ ይጓዛል፤ ሳትረግጠው ይግላል። የአየር ማስወጫ ብሎኑ ከፒስተኑ በላይ መሆኑንም እይ። የፊት ኩሽኔታም ከላላ ዲስኩ እየተወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከእያንዳንዱ ኩርባ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔ ዲስክ ስገጥም ጠርዙ ላይ ያለው ውዝዋዜ ከ0.1 ሚሊሜትር እንዲያልፍ አልፈቅድም።

መያዣውን የሠራው ሰው ምን ዓይነት ብረት ተጠቀመ? ውፍረቱስ ስንት ነው? በፍሬን ጊዜ መኪናውን የሚያቆመው ጉልበት በሙሉ በዚያ ብረት ላይ ያልፋል፤ በብየዳ የተቀጠለ ከሆነ እኔ ልጄን አላሳፍርበትም።

የከዚራው 404 (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉኝን አድርገናል። ፔዳሉ ሲያዝ አይሰምጥም። ሁለቱን የፊት ቱቦዎች ስንይዝ ደንዳና ሆነ፤ የኋላውን ስንይዝ አልተለወጠም። ኩሽኔታው ጠብቋል፤ የኋላ ማስተካከያውም ልክ ነው። መያዣው ከአንድ ወፍራም ብረት የተቆረጠ እንጂ የተበየደ አይደለም። ካሊፐሩ ፊት ለፊት ሲቀመጥ የመሪውን ዘንግ ስለነካ መካኒኩ ከአክሱ (ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) ኋላ አድርጎ ነው ያሰረው፤ በጥሩ ሁኔታ ተቀምጧል። ሰርቮው ከ504 የመጣ ነው። ታዲያ ካሊፐሩ ተበላሽቷል ማለት ነው? ሌላ ጥንድ እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አካባቢ ማግኘት እችል ይሆን?

የሳቢያን ልጅ

ታይዋን ላይ እንኳን ካሊፐር ምን የማይገኝ ነገር አለ! ነገር ግን ከመግዛትህ በፊት አንድ ጊዜ ደግመህ ስፑርጎ አድርግ።

ሸዋ በር (ሐረር)

ቆይ፣ ምንም እንዳትገዛ። መልሱ ጋሼ በጻፉት መሐል ነው፤ አንተ ደግሞ ሳታውቀው ነግረኸናል። ካሊፐሩ በመጣበት መኪና ላይ ከአክሱ ፊት የሚቀመጥ ከነበረና መካኒኩ ያንኑ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ እንዳለ ወደ ኋላ ካዞረው፣ ካሊፐሩ ተገልብጧል። ላይ የነበረው የአየር ማስወጫ ብሎን አሁን ታች ነው። አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ዘይት ከታች ይፈሳል፤ ስለዚህ አንድም አረፋ የሌለበት ንጹሕ ዘይት ታያለህ፤ አየሩ ግን ከፒስተኑ በላይ እንዳለ ተቀምጧል። የፈለግኸውን ያህል ብትደግመው ይኸው ነው። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውራቸው፤ ያኔ ከአክሱ ኋላ እንደሆኑ ብሎናቸው ወደ ላይ ይመለሳል። አቦ፣ ሂድና ባትሪ አብርተህ ተመልከት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

መምህርት

ይህ ከጻፋቸው ምልክቶች ሁሉ ጋር ይስማማል፤ ፔዳሉ በመርገጥ ብዛት ከፍ ማለቱም፣ ሲያዝ አለመስመጡም፣ የፊት ቱቦዎች ሲያዙ መደንደኑም።

አወዳይ

ማዛወሩ ጊዜ የሚወስድ ከሆነስ? ሌላ ዘዴ የለም?

የቶርኖ ሰው

ሸዋ በር በትክክል አይቶታል። ለጊዜው ለማረጋገጥ ከሆነ ካሊፐሩን ከመያዣው ፈትቶ፣ ቱቦው ሳይለይ፣ በሸራዎቹ መሐል የዲስኩን ውፍረት የሚያህል እንጨት አስገብቶ፣ ብሎኑን ወደ ላይ ይዞ ስፑርጎ ማድረግ ይቻላል። እንጨቱ ከቀረ ፒስተኑ ይወጣል። ይህ ግን የማሳያ ዘዴ ነው፤ በዚሁ ይቅር አይባልም፤ ሁልጊዜ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ያው ችግር ይመለሳልና።

ሲዛወሩ ቱቦዎቹ የሚገቡበት ቦታ ስለሚለወጥ፣ መሪውን እስከ ዳር ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዙራችሁ ቱቦው እንዳይወጠርና ጎማውንም ቸርኬውንም እንዳይነካ ተመልከቱ፤ መኪናውን በክሪክ አንሥታችሁም አውርዳችሁም እዩት። ከዚያ ሸራው ከዲስኩ ጋር ይለማመድ፤ ሜዳ ላይ ከ50 ኪሎሜትር ወደ 10 እየቀነሳችሁ ደጋግሙት፤ ፈጽማችሁ አትቁሙ፤ በመጨረሻም ሳትረግጡ ነድታችሁ ይቀዝቅዝ። የኋላው ጎማ ከፊቱ ቀድሞ እንዳይቆልፍም በጠጠር ላይ በዝግታ ሞክሩት፤ የኋላ ቀድሞ ከቆለፈ መኪናው ይሽከረከራል። የድሮውን ሸራ አቧራ በአፍም በኮምፕረሰርም እንዳታነፍሱት፤ የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ስለ ቅዳሜው ደግሞ ፊት ለፊት ልናገር። ፔዳሉ ዛሬ ቢስተካከል እንኳ ያልተፈተነ ፍሬን ይዞ ሙሽራ ጭኖ በሌሊት ደንገጎን መውረድ አይገባም። መጀመሪያ ብቻህን፣ በቀን፣ ባዶ መኪና ይዘህ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ውረድ፤ ታች ስትደርስ አራቱንም ቸርኬ በእጅህ ቀርበህ ሙቀታቸውን አመዛዝን። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ እርሱ እየያዘ ነው። ይህ ካልተደረገ ሙሽሮቹ በሌላ መኪና ይሂዱ።

ሸዋ በር (ሐረር)

በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ። ለሠርጉ መኪና ከቸገረህ ሐረር ውስጥ በደንብ የተያዘ 404 ያለው ሰው አገናኝሃለሁ፤ ፍሬኑ ታምቡር ነው፤ ግን ይይዛል።

የሳቢያን ልጅ

ጠያቂው፣ ብሎኑ ከላይ ነው ወይስ ከታች? አይተኸዋል?

የቶርኖ ሰው

አንድ ያልመለስክልኝ ጥያቄም አለ፤ ፓምፑን ቀይረኸዋል ወይስ የታምቡሩ ዘመን ፓምፕ ነው ያለው? የድሮው ከሆነ፣ አየሩ ከወጣ በኋላም ፔዳሉ ረጅም ሆኖ ይቀራል፤ ያቺ ቫልቮላም በውስጡ ካለች የፊት ሸራው ደንገጎ ሳትደርስ ይግላል። በፓምፑ አካል ላይ ስፋቱ ብዙ ጊዜ በቁጥር ተቀርጾበታል፤ በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ አንብበውና ጻፍልን።