ጾም ላይ ብንሆንም የገና ገበያው አያምልጣችሁ (ጀርመን ላላችሁ)

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖቼ። ፍራንክፈርት ከገባን አራት ወራችን ነው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ስለ ቫይናክትስማርክት (የገና ገበያ) ሰምተው መጥተው እንሂድ እንሂድ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ፤ እዚያ ያለው ቋሊማና ወይን ብቻ ነው ይሉኛል። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ብንሄድ አይሻልም?

መልስ፦
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጾሙ ይፈታና ብለሽ ካቆየሽው አታገኚውም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ በእነሱ ኖቬምበር 24 ወይም 25 መሆኑ ነው፤ ገበያውም በዚያው ሰሞን ይከፈታል። የሚዘጋው ግን የእነሱ ገና ዋዜማ ላይ ነው፣ ብዙውም ከዚያ ቀደም ብሎ። ጃንዋሪ 7 እኛ ስንፈስክ አደባባዩ ተጠርጎ ባዶውን ነው የሚጠብቅሽ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቼን «ጾሙ ይፈታና» እያልኩ አታለልኳቸው። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

አንቺ ጋ ዋናው ሮመርበርግ በሚባለው አደባባይ ላይ ያለው ነው። ዶም ሮመር ከሚባለው የኡባን (የከተማ ባቡር) ጣቢያ ስትወጪ እዚያው ነሽ፣ መግቢያም አይከፈልም። ገበያው ከ1393 ጀምሮ በሰነድ ይታወቃል። ቅዳሜ ማታ አትሂጂ፣ ከልጆች ጋር መፈናፈኛ የለም። በሥራ ቀን ወደ አሥር ሰዓት ሂጂ፣ ቆይቶ ሲመሽ መብራቱን ያዩታል። መግቢያው ላይ የሲሚንቶ ግንብ ተደርድሮ ፖሊስ ቆሞ ብታዪ አትደንግጪ፤ በርሊን ላይ በ2016፣ ማግደቡርግ ላይ በ2024 በመኪና ጥቃት ከደረሰ ወዲህ በየከተማው ጥበቃው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። ገብራንተ ማንደልን የሚሉትን ፈልጊ። አልሞንድ ነው፣ በስኳርና በውሃ የተቆላ። ሻጩ ትልቅ የመዳብ ድስት ላይ ያማስለዋል፤ መጀመሪያ ስኳሩ ይፈላል፣ ቀጥሎ ውሃው ይተንና ፍሬው ላይ ነጭ ዱቄት መስሎ ይደርቃል፣ እሳቱ ሲበረታበት ደግሞ እንደገና ቀልጦ ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ልጆቼ ይህን ሳያዩ ከዚያ ቦታ ንቅንቅ አይሉም። በሾጣጣ ወረቀት ትኩሱን ይሰጡሻል፣ እጅም ያሞቃል። ሌላው ማሮነን ነው። ልጣጩ ተሰንጥቆ የሚጠበስ ፍሬ ነው፣ ውስጡ ልክ ስኳር ድንች። እነዚህ ሁለቱ የጾም ናቸው። ካርቶፈልፑፈር የሚሉት የድንች ቂጣ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፣ ጠይቂ። ጾም ላይ ነኝ ብለሽ ከምታስረጂ «ቪጋን ነው ወይ?» በይ፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ለልጆቹ ኪንደርፑንሽ አለ፣ ትኩስ የፍራፍሬ ጭማቂ ነው። ግሉቫይን ወይን ስለሆነ ኩባያው እንዳይቀያየርብሽ። ሽታው ግን ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ብርቱካን ነው፤ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር እናቴ የምታፈላው የቅመም ሻይ ይመጣብኛል። መጠጡን ስትገዢ የኩባያ ፕፋንድ (መያዣ) ጥቂት ዩሮ ያስከፍሉሻል። ኩባያውን ስትመልሺ ይመለስልሻል፣ ከወደድሽው ደግሞ ይዘሽው መሄድ ትችያለሽ። ዝርዝር ካሽ ያዢ፣ ካርድ የማይቀበል ድንኳን አሁንም ሞልቷል።

ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግሁት ስለ ሽቶለን ነው። ነጭ ስኳር የተነሰነሰበት፣ ዘቢብ ያለበት ወፍራም ዳቦ ነው። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ዳቦ ነው ብዬ ገዝቼ ለማኅበራችን ጸበል ጻዲቅ ይዤ ሄድኩ። አንዲት እናት ቆርሰው በጣታቸው ዳበስ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ቅቤ አለው» አሉኝ። ማሸጊያውን ሳነብ እውነትም ቅቤ ነው። ሁሉም የያዘውን መልሶ አስቀመጠ። በጣም አዘንኩ፣ ቤቴ ገብቼ ስለ ዳቦው ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ለካ ሽቶለን መጀመሪያ የጾም ዳቦ ነበር! ጀርመኖቹም ከገና በፊት ይጾሙ ነበር፣ ቅቤና ወተትም አይነኩም ነበር። ሽቶለኑ በዱቄት፣ በእርሾ፣ በውሃና በዘይት ብቻ ይጋገር ነበር። የዘይቱ ጣዕም አላስደስት ያላቸው የሳክሶኒ (ድሬስደን ያለችበት ግዛት) መሳፍንት ሮም ድረስ አቤት አሉ፤ መጀመሪያ ተከለከሉ፣ በኋላ በ1491 ጳጳሱ ኢኖሰንት 8ኛ ቅቤ እንዲገባበት በደብዳቤ ፈቀዱ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል። አሁን የድሬስደን ሽቶለን ተብሎ እንዲሸጥ ቢያንስ የዱቄቱን ግማሽ ያህል ቅቤ ሊኖረው ግድ ነው። የድሬስደኑ ገበያ ሽትሪትስልማርክት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዳቦ ነው፤ የተጀመረውም በ1434 ነው። ደብዳቤው ከመምጣቱ 57 ዓመት በፊት ማለት ነው። ያኔ እዚያ አደባባይ ላይ ቆመው ይገበያዩ የነበሩት ሰዎች እንደ አንቺው ጿሚዎች ነበሩ። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ በዚያ ገበያ መሀል ስሄድ እንግድነት አይሰማኝም። ሽቶለኑንም አሁን እገዛዋለሁ፣ ግን ሳልከፍተው ለገና አስቀምጠዋለሁ። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ሳምንታት ይቆያል፣ እንዲያውም ሲቆይ ይጣፍጣል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከመጀመሪያው አድቬንት እሑድ (ከእነሱ ገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች የመጀመሪያው) በፊት ባለው ቅዳሜ ፍራንክፈርት መሀል ከተማ የ10 አብያተ ክርስቲያናት 50 ደወሎች አብረው ይደወላሉ። ቅዳሜ አትሂጂ ያልኩሽ ለዚህ ቀን አይሠራም። ልጆቹን አልብሰሽ፣ ጓንት አድርገሽላቸው ውጪ። ከአገር ቤት ከወጣሁ እንደዚያ ቀን ደወል ጠግቤ አላውቅም።

ተጨማሪ፣ ከኑርምበርግ፦
የእህታችን መልስ ሁሉንም ብሎታል። እኔ የእኛን ከተማ ልጨምር። እዚህ ገበያውን የምትከፍተው ክሪስትኪንድ የምትባል ወጣት ናት፤ ወርቃማና ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ዘውድ ደፍታ፣ ፍራወንኪርኸ ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ቆማ ነው። ከከተማው ልጆች በየሁለት ዓመቱ ትመረጣለች። በ2019 የተመረጠችው አባቷ ከህንድ የመጡ ልጅ ነበረች። በመልኳ የዘለፏት ነበሩ፤ የከተማው ሰው ግን ከጎኗ ቆመ፣ እሷም ወጥታ ገበያውን ከፈተች። የእኔ ልጅ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ትከሻዬ ላይ ሆና «እኔም መሆን እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ትችያለሽ አልኳት። መመረጥ የሚቻለው ከ16 እስከ 19 ዓመት ነው፣ ዕድሜዋ እየደረሰ ነው።